ቲምበርላይን ሎጅ፦ አሥራ አንድ ዓመት ከውጭ ብቻ ሳየው የኖርኩት ቤት

ዮናስ_ፖርትላንድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ውይይት የከፈትኩት ቅዳሜ ዕለት ባየሁት ነገር ምክንያት ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የማውንት ሁድ ተራራ ከከተማችን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርዱ ሲገባ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ። እነሱ በፕላስቲክ መንሸራተቻ ይንሸራተታሉ፣ እኛ ከፔርሙዝ ሻይ እንጠጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ከዚያ ወደ ቤት። ከመኪና ማቆሚያው በላይ ያለውን ትልቅ የድንጋይና የእንጨት ሕንፃ ሁልጊዜ አየዋለሁ። የሀብታም ሆቴል ነው ብዬ ስለማስብ አንድም ቀን በሩን አልረገጥኩም።

ዘንድሮ እናቴ ከደሴ መጥታለች። በረዶ በእጇ ነክታ አታውቅም። ደስ አላት፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቿ ደነዘዙ። የት ላሙቃት ብዬ ስጨነቅ አንድ ሠራተኛ አየንና «ግቡ እንጂ፣ ውስጥ እሳት አለ» አለን። በዚህ ወቅት በረዶው የፊቱን በር ስለሚቀብረው የሚገባው ዋሻ በመሰለ መተላለፊያ ነው። እሱን አልፋችሁ ስትገቡ ቤቱ ድንገት ከፍ ይላል። መሀሉ ላይ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ቆሟል። ቁመቱ 28 ሜትር ያህል ነው፣ ከታች ተነስቶ ጣሪያውን በስቶ ይወጣል። ዙሪያውን ምድጃ አለው፣ ታች ሦስት፣ ላይ ሦስት። ጣሪያውን የተሸከሙት ግንዶች በመጥረቢያ ተጠርበው ስድስት ማዕዘን የወጣላቸው ናቸው።

እናቴ እሳቱ ዘንድ አልተቀመጠችም። ደረጃው ላይ ቆማ የመደገፊያውን ምሰሶ ራስ ትዳብሳለች። እንስሳ ተቀርጾበታል። የስንት ሰው እጅ እንዳለፈበት እንጃ፣ ለስልሶ ያበራል። «ይሄን ማን ሠራው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አፈርኩ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ቤቱን የሠሩት ሥራ አጦች ናቸው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ለጠፋው ሰው ሥራ የሚሰጥ ደብልዩ ፒ ኤ የሚባል የመንግሥት ፕሮግራም ነበር። በ1936 የሙቀቱ ወራት መጀመሪያ ላይ ቁፋሮ ተጀመረ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። መስከረም 28 ቀን 1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሳቸው መጥተው መረቁት። የተራራ መንገድ ነው፣ በረዶ አለ፣ ግን አሥራ አምስት ወር ብቻ ነው የፈጀው።

እናቴ የዳበሰችው ምሰሶ አሮጌ የስልክ እንጨት ነበር። የተጣለ የስልክ እንጨት! ጫፉን ወፍ፣ ድብ፣ የባሕር እንስሳ አድርገው ቀረጹት። ምድጃው ውስጥ ግንዱን የሚሸከመው ብረት አሮጌ የባቡር ሐዲድ ነው። የእሳት መከለያው የመኪና ጎማ ሰንሰለት ነው። ይህን ሳነብ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ሄጄ እናቴን ልቀሰቅሳት ፈልጌ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው። አንድ ጓደኛዬ «የስዊስ ቤት ቅጂ ነው» ይላል። እውነት ቅጂ ነው? ደግሞስ ከእናንተ ውስጡን ያየ አለ?


ሰብለ_ዙሪክ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ዮናስ፣ እናትህን ሳምልኝ። ጥያቄዋ የሁላችንም መሆን የነበረበት ነው።

ጓደኛህ በግማሽ ልክ ነው። እኔ ወደ ዙሪክ ከመምጣቴ በፊት ስድስት ዓመት ግራውቡንደን በሚባል ተራራማ የስዊዘርላንድ ክፍል አንድ የተራራ ሆቴል ውስጥ ስሠራ ነበር። ታች ድንጋይ፣ ላይ እንጨት፣ ረጅም የጣሪያ ክንፍ፣ መሀል ላይ ትልቅ እሳት፣ ይህ ሁሉ ከዚህ የሄደ ነው። አሜሪካኖቹ የተራራ ቤት ሲያስቡ በዓይናቸው የሚመጣው አልፕስ ነበር።

ጣሪያው ግን የእኛን አይመስልም። ፎቶውን አሁን አየሁት፣ ሽቅብ የቆመ ነው። የድሮ የአልፕስ ገበሬ ቤት ጣሪያ እኮ ለጥ ያለ ነው። ሆን ተብሎ ነው። በረዶው እዚያው ላይ እንዲተኛ ይፈለጋል። ደረቅ በረዶ ውስጡ አየር ስለሚይዝ እንደ ጋቢ ቤቱን ያለብሰዋል። የጣሪያውን ሳንቃ ነፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ይጫንበታል። እናንተ ጋ የሚወርደው ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥብና ከባድ በረዶ ነው። ያን ተሸክሞ የሚከርም ጣሪያ የለም፣ መንሸራተት አለበት። ስለዚህ ሠሪዎቹ መልኩን ከአውሮፓ ወሰዱ፣ ጣሪያውን ግን ለራሳቸው ሰማይ ሠሩ። ለእኔ ይህ ቅጂ አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ ደስ አለኝ። ሎጁ ሴንት በርናርድ ውሾች አሉት አይደል? ሃይዲና ብሩኖ የሚባሉ። ዝርያው ታላቁ ሴንት በርናርድ ከሚባለው የአልፕስ ተራራ ማለፊያ የመጣ ነው፣ ተራራው ላይ መነኮሳት መንገደኛ የሚያሳድሩበት ቤት አለ፣ እዚያ ነው ያደገው። የውሻው ታሪክ ከቤቱ ጋር አብሮ ተሰዷል ማለት ነው።


አናጢው_አውሮራ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

እኔ ኮሎራዶ ነኝ፣ ሙያዬ አናጢነት ነው። ሀያ ሁለት ዓመት እንጨት ቆርጫለሁ። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ልቤን ይነካል።

የአውሮፓ ቅጂ ማየት የሚፈልግ ሰው አይዳሆ ውስጥ ሰን ቫሊ ይሂድ። እዚያ ነገሩ በግልጽ ነው የተሠራው። የዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ሊቀመንበር አቨረል ሃሪማን ሰው በብርድ ወራትም ባቡር እንዲሳፈርለት ፈለገ። ፌሊክስ ሻፍጎች የሚባል የኦስትሪያ ኮንት (የመኳንንት ማዕረግ ነው) አስመጣና በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች አዞረው። ኮንቱ ኬቸም የምትባል ትንሽ ከተማ ደርሶ «እዚህ ነው» አለ። ሎጁ በታኅሣሥ 1936 ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት አጠገቡ አንድ ሌላ ማረፊያ ሠሩ፣ እሱ የኦስትሪያ ቲሮል መንደር እንዲመስል ተደርጎ ነው የታነጸው።

እኔን የሚገርመኝ የሰን ቫሊ ሎጅ ግድግዳ ነው። ከውጭ ስታየው ሻካራ ሳንቃ ነው። እጅህን ስታሳርፍበት ኮንክሪት ነው። ኮንክሪቱን ባልተላገ ሳንቃ ቅርጽ ውስጥ ሞሉት፣ የእንጨቱ ጅማት ታተመበት፣ ከዚያ ቀለም ቀቡት። እሳት ስለፈሩ ነው። ብልሃቱን አከብራለሁ፣ በሙያ ከፍተኛ ሥራ ነው። ግን ልቤ እዚያ አልቀረም።

አሁን ልብ በሉ። የሰን ቫሊን ሎጅ የነደፈው አርክቴክት ጊልበርት ስታንሊ አንደርውድ ነው። ቲምበርላይንም ላይ እጁ አለበት! ካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ፓርክ ውስጥ ያለውን አዋኒ ሆቴልም እሱ ነው የነደፈው። በሰን ቫሊና በቲምበርላይን መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ወራት ብቻ ነው። አንዱ የባቡር ኩባንያ ገንዘብ ይዞ እንጨት አስመሰለ። ሌላው ገንዘብ ስላልነበረው እውነተኛውን እንጨት በእጅ ጠረበ። ቲምበርላይን ላይ የደን አገልግሎት የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አርክቴክቶችም ንድፉን አብረው ሠርተውታል፣ የነሱም ድርሻ መረሳት የለበትም።

ክፍያውንም ልንገራችሁ። ባለሙያ በሰዓት 90 ሳንቲም፣ የጉልበት ሠራተኛ 55 ሳንቲም። መቶ ያህል ሰው ድንኳን ውስጥ እያደረ ይሠራ ነበር። ብዙ ሰው እንዲዳረሰው ሥራውን ያፈራርቁት ነበር። አንዱ ጥቂት ጊዜ ይሠራና ቦታውን ለሌላው ይለቃል። የወጪው አብዛኛው ለሰው እጅ ነው የተከፈለው፣ ለዕቃ አይደለም። እኔ በኖርኩበት የግንባታ ዓለም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ዕቃው ውድ፣ እጁ ርካሽ። ለዚህ ነው ይህን ቤት የምወደው።


ቤቲ_ቢቨርተን
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30

ለመግባት ይከፈላል እንዴ? መንገዱስ? ባለፈው ዓመት መኪናችን ተንሸራቶ ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ተራራ ሲባል እምቢ ብሏል።


ዮናስ_ፖርትላንድ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

ቤቲ፣ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ለመቀመጥ አይከፈልም። ምግብ ከፈለግሽ ትገዢያለሽ፣ ካልፈለግሽ ማንም አያስነሳሽም። የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው። ኦሪገን ውስጥ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ስኖ ፓርክ የሚባል ፈቃድ መስታወትሽ ላይ መለጠፍ አለበት። ከመውጣትሽ በፊት ከከተማ ግዢው።

የጎማ ሰንሰለት ያዙ። ገቨርመንት ካምፕ ከምትባለው ትንሽ መንደር በኋላ ያለው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው፣ ባለቤትሽ የፈራው እሱን ይሆናል። ጠዋት በጊዜ ብትወጡና በረዶ እየጣለ ያለበትን ቀን ብታልፉት ይሻላል። ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ላይ አትቁሙ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጉ።


ጋሽ_ተፈራ_ሲያትል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ጽሑፋችሁን በሙሉ አነበብኩት።

ዮናስ የጻፍከውን ቀን አስልቼ አየሁት። የፈረንጆቹ መስከረም 28 ቀን 1937 በእኛ መስከረም 18 ቀን 1930 ነው። የመስቀል ማግስት። ያን መስቀል አገራችን በጣሊያን እጅ ነበረች። የየካቲት 12 እልቂት ከሆነ ገና ሰባት ወሩ ነው። አባቴ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ መንዝ ውስጥ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር። ደመራ እንዴት እንደለኮሱ ይነግረን ነበር፣ ጭሱ እንዳይታይ በገደል ሥር ነው።

እኔም ስለዚህ ሎጅ አንድ ነገር አውቃለሁ። ድንጋዩን ከገነቡት መካከል ከጣሊያን የመጡ ግንበኞች ነበሩበት። ከዚያ በፊት በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር የሚሄደውን መንገድ ድልድዮች የሠሩ ናቸው። መጀመሪያ ስሰማ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተሰማኝ፣ አልዋሽም። ቆይቼ ሳስበው ግን እነዚያ ሰዎች ጦር ይዘው የሄዱ አይደሉም። እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩ ናቸው። ልክ እንደ እኔ። እኔም ሲያትል ስገባ የያዝኩት እጄን ብቻ ነበር።

ዮናስ፣ እናትህ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ጣርማ በርን አልፋ ነው፣ ደብረ ሲና ላይ። ያን ዋሻ ጣሊያን የቆፈረው በወረራው ዘመን ነው። በአንድ ዘመን፣ የአንድ አገር ሰዎች፣ አንዱ ጋ በጉልበት የመጡበትን መንገድ ሲቆፍሩ ሌላው ጋ ለቀን ክፍያ ምድጃ ሲገነቡ ነበር። እናትህ ሁለቱንም አየች። ይህን ንገራት።


ዮናስ_ፖርትላንድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አነበብኩላት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የጣርማ በር ድንጋይ ጥቁር ነው፣ ይሄኛውም ጥቁር ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ሁለቱም ቦታ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።


የሸማኔ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

እስካሁን ስለ ድንጋይና እንጨት ነው የተወራው። እኔ ስለ ጨርቁ ላውራ፣ ምክንያቱም ማንም አያነሳውም።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ቲምበርላይንን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ለሥራ ፖርትላንድ ሄጄ። ሌሎቹ ጭስ ማውጫውን ፎቶ ሲያነሱ እኔ መጋረጃውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ልማድ ነው። ጥሩ ሥራ በጀርባው ይታወቃል።

የቤቱን የውስጥ ሥራ የመራችው ማርጀሪ ሆፍማን ስሚዝ የምትባል የፖርትላንድ ሴት ናት። በዚያ ፕሮግራም ሥራ ያገኙ ሴቶች መጋረጃውን፣ የአልጋ ልብሱን፣ የወንበሩን ጨርቅ በእጃቸው ሸመኑ፣ ሰፉ። የመኝታ ክፍሎቹ በአካባቢው አበባና ሌላ ምልክት ተለይተው ለየራሳቸው ጨርቅና ምንጣፍ ተሠራላቸው። ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ሥራ ያጡ ወጣቶች ደን ይተክሉበት ከነበረ የመንግሥት ካምፕ ከወጣ አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። ብርድ ልብሱን በቀጭኑ እየቀደዱ፣ በመንጠቆ እየሳቡ፣ ምንጣፍ አደረጉት። እናቴ ያረጀ ነጠላ ቀድዳ መወልወያ ስታደርግ ነው ያደግሁት። ቀድዶ ምንጣፍ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው የለበሰውን፣ ያላበውን፣ ብርድ ያሳለፈበትን ጨርቅ ወስደህ ውበት ማድረግ ነው።

ጨርቅ ግን እንደ ድንጋይ አይደለም። ይበላል። ፀሐይ ይበላዋል፣ ጫማ ይበላዋል። በመጀመሪያ የተሠራው ጨርቅ አብዛኛው በ1970ዎቹ አልቆ ነበር። በ1975 የቲምበርላይን ወዳጆች የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። የድሮውን ንድፍ እየፈለጉ፣ ቀለሙን እያስተያዩ፣ እንደገና በእጅ ማሠራት ጀመሩ። ዛሬ የምትረግጡት ምንጣፍ የ1937ቱ አይደለም ማለት ነው። ንድፉ ነው የቆየው፣ እጁ ተተክቷል።


አናጢው_አውሮራ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እህቴ፣ ጽሑፍሽ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። አዲስ ከተሠራ ቅርስ አይባልም። የድሮው ቁራጭ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ቢታይ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ አዲስ መሆኑ ቢነገር ይሻላል። እንጨት ስጠግን እንኳን የጨመርኩት ቁራጭ የት እንደሆነ እንዲታወቅ አደርጋለሁ።


የሸማኔ_ልጅ
ረቡዕ፣ ቀን 5፡45

ወንድሜ፣ የእንጨት ሰው ስለሆንክ ነው። እንጨት መቶ ዓመት ይቆማል። የጨርቅ ዕድሜ የሚለካው በሚያውቀው ሰው ነው። ጥለት የሚያውቅ ሸማኔ ካለ ጥለቱ አለ። እሱ ከሞተና ለማንም ካላስተማረ በመስታወት ውስጥ ያለው ቁራጭ አይሸምንም። አባቴ ሲሞት እኔ አልተማርኩም ነበር። አምስት ዓይነት ጥለት ከእሱ ጋር ሄደ፣ ስማቸውን አውቃለሁ፣ አሠራራቸውን አላውቅም። ለዚህ ነው እነዚያ ሰዎች በየጊዜው እንደገና ማሠራታቸው እንባ ያመጣብኝ።

የጨመርከው መታወቅ አለበት ያልከው ግን ልክ ነህ። በጽሑፍ መዝገብ መያዝ አለበት።


አናጢው_አውሮራ
ረቡዕ፣ ቀን 6፡02

የአባትሽን ነፍስ ይማር። ተቀብዬዋለሁ።


ኪሩቤል_አራት_ኪሎ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ አርክቴክቸር ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ፎቶዎቹን ስመለከት አንድ ነገር ልብ አልኩ። የሎጁ ዋና አዳራሽ ስድስት ጎን ነው፣ መሀሉ ላይ ጭስ ማውጫው ቆሟል፣ ጣሪያው ከሁሉም በኩል ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባል። ይህ እኮ የጎጆ አሠራር ሐሳብ ነው፣ መሀል ምሰሶ፣ ዙሪያውን ሰው፣ መሀል እሳት። አንዱ ከሌላው ተወሰደ አላልኩም። ብርድ ያለበት አገር ሰው ሁሉ ወደ መሀል ይሰበሰባል ለማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሎጁ ያለበት ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው ሲባል ደነገጥኩ። እኔ የተቀመጥኩት ከ2,300 ሜትር በላይ ነው! በረዶ እኮ የለንም። ራስ ዳሸን እንኳን ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ በረዶ አንዳንዴ ነው የሚያየው። ምክንያቱ ምንድን ነው?


ሰብለ_ዙሪክ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ኪሩቤል፣ ከወገብ መስመር ያለው ርቀት ነው። ማውንት ሁድ ሰሜን 45 ዲግሪ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ። እነሱ ጋ በብርድ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ቶሎ ትጠልቃለች። በዚያ ላይ ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ከሎጁ በላይ ፓልመር የሚባል የበረዶ ሜዳ አለ፣ በሙቀቱ ወራትም ስኪ ይሠለጥኑበታል።

የጎጆው ነገር ደስ ብሎኛል። ለመመረቂያህ ያዘው።


ሮቤል_አድናቂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35

ስኪ ከተነሳ ሮቤል ተክለማርያምን ሳናነሳ ማለፍ አይገባም። በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር፣ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጠራ ሰው ነው። ቁልቁለት አይደለም፣ አገር አቋራጭ ስኪ። ልጆቼ ስሙን ሲሰሙ ነው «እኛም እንችላለን» ያሉት።


ሄለን_ሂልስቦሮ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡50

ሁላችሁም ቤቱን አሞገሳችሁት። አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። በ55 ሳንቲም የሠሩት ሰዎች ዛሬ ቢኖሩ አንድ ሌሊት ማደር ይችላሉ? የክፍሉን ዋጋ አይቼ ዘጋሁት። በዚያ ላይ ጌጡ ውስጥ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ምልክት በብዛት አለ። ተራራው የነሱ ነበር፣ ዋይኢስት ይሉታል። ምልክታቸው ጌጥ ሆኖ ሲቀር እነሱ የት አሉ ብዬ እጠይቃለሁ።


ዮናስ_ፖርትላንድ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሄለን፣ የጠየቅሽው ትክክል ነው። ስለ ምልክቶቹ የምመልስልሽ የለኝም፣ ማየትና መጠየቅ አለብኝ።

ስለ ዋጋው ግን ይህን ልበል። ሕንፃው እስከ ዛሬ የሕዝብ ንብረት ነው፣ የደን አገልግሎቱ ነው ባለቤቱ። የሚያስተዳድረው ግን የግል ኩባንያ ነው። እንዲህ የሆነበትም ምክንያት አለው። ቤቱ ለሕዝብ በየካቲት 1938 ተከፈተ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣውን የወንበር ሊፍት ያኔ ልዑል የነበሩት የኖርዌዩ ኦላቭ መጥተው ባረኩለት፣ ከዚያ ጦርነት መጣና ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ አያያዙ እየባሰ ሄደ። በ1955 የመብራት ሒሳብ እንኳን ሳይከፈል ቀርቶ ተዘጋ። አስቡት፣ ፕሬዚዳንት የመረቀው ቤት ጨለማ ውስጥ። ያን ጊዜ ሪቻርድ ኮንስታም የሚባል ገና ወጣት ሰው ተረከበው። ጠረገው፣ ጠገነው፣ ሥራ አስጀመረው። ቤተሰቡ እስከ አሁን ይዞታል። በ1977 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ።

የክፍሉ ገቢ ባይኖር ምንጣፉን ማን ያሠራዋል እላለሁ። ግን አንቺ ያልሽውም ከልቤ አልወጣም። ቢያንስ አዳራሹ ለሁሉም ክፍት መሆኑን ሰዎቻችን ይወቁ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያጣሁት በድህነት አይደለም፣ የማይገባኝ ስለመሰለኝ ነው።


ምሕረት_ግሬሻም
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ይህ ቤት በቅርቡ ሊቃጠል እንደነበር ታውቃላችሁ? ሚያዝያ 2024 ላይ፣ በፈረንጆቹ 18ኛው ቀን ማታ፣ የዋናው አዳራሽ ጣሪያ ላይ እሳት ተነሳ። መንስኤው የምድጃው ፍም ሳይሆን አይቀርም ተባለ። እንግዶቹ ሁሉ በሰላም ወጡ። እኔ በስልኬ እያየሁ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር፣ ያረጀ እንጨት ነዋ! እግዚአብሔር ይመስገን እሳት አጥፊዎቹ ቶሎ ደረሱ፣ ጉዳቱ ከላይ ቀረ። በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ተከፈተ።

አናጢው ስለ ሰን ቫሊ ኮንክሪት የጻፈውን ሳነብ ያ ማታ ነው ትዝ ያለኝ። እሳት ፈርተው ነው ያለው ገባኝ።


አናጢው_አውሮራ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡55

ምሕረት፣ ልክ ነሽ። ኮንክሪቱን ትንሽ ጨክኜበታለሁ። እንግዳ የሚያድርበት ቤት ስለሆነ የሰው ሕይወት ይቀድማል።


ዮናስ_ፖርትላንድ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ትናንት እንደገና ሄድን። ቤቲና ባለቤቷም መጡ፣ ሰንሰለት ይዘው። በሰላም ወጣን፣ በሰላም ወረድን።

የደን አገልግሎቱ ሠራተኛ ጎብኚ ሰብስባ ታስጎበኛለች፣ በነፃ ነው። እኔ አስተረጎምኩ። የቤቱን ብረት ስለሠሩት ቀጥቃጮች ስትናገር እናቴ አቋረጠቻት። ወሎ ውስጥ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ጎረቤት እንደነበራት፣ አሮጌ የመኪና ብረት ለምኖ እንደሚወስድ አወራችላት። ሴትየዋ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች። የሄለንንም ጥያቄ ጠየቅኳት። ጌጡን የነደፉት ሰዎች የነባሩ ሕዝብ ተወላጆች እንዳልነበሩ ነገረችኝ፣ ሳትሸፋፍን። ሄለን፣ አንቺ ራስሽ ብትጠይቂያት ከእኔ የተሻለ ትጠይቂያታለሽ።

ከዚያ እናቴ ምንጣፉ ላይ ጎንበስ አለች። የሸማኔ ልጅ እንዳለችው ጫፉን ገልብጣ ጀርባውን አየች። «ይሄኛው እጅ ያውቃል» አለች።

እናቴ ከፋሲካ በኋላ ትመለሳለች። ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ እንደግመዋለን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምንነሳው፣ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ። የሚመጣ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ጓንት አትርሱ።